ለልጅዎ ሳይክል ሲገዙ የሚያስቆጩ ስህተቶች

"ሚኒስትሪን በጥሩ ውጤት ካለፍክ ሳይክል እገዛልሃለሁ።" ወሎ ውስጥ ይህን ቃል ሳይሰማ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ጥቂት ነው። ቃሉ የሚፈጸምበት ገንዘብ ደግሞ በቀላሉ አይመጣም። አባት ከደመወዙ እየቀነሰ ያጠራቀመው፣ እናት ዕቁብ ወጥቶላት ያስቀመጠችው፣ ወይም አረብ አገር ያለች ታላቅ እህት በሰው ቤት ሠርታ የላከችው ነው። በመስከረም የተገዛው ሳይክል ለገና ሳይደርስ ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ሲለብስ ማየት የሚያንገበግበውም ለዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሳይክሉ ከመጀመሪያውም ለቁመቱ ወይም ለሰፈሩ የሚሆን ስላልነበረ ነው። ሱቅ ውስጥ ትንሽ ጊዜ ወስዶ ማየት ብዙ ጸጸት ያስቀራል።

"ያድግበታል" ብሎ ትልቅ መግዛት

ከሁሉም የሚበዛው፣ ከሁሉም የሚጎዳውም ይኼ ነው። ለጫማና ለዩኒፎርም የለመድነውን ዘዴ ለሳይክልም እናመጣዋለን።

ኮምቦልቻ አንድ ሱቅ በር ላይ ያየሁት ልጅ ቢበዛ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ባለ 29 ኢንች ጎማ ሳይክል ላይ አስቀምጠውታል። ኮርቻው እስከ መጨረሻው ወርዶም አንድ እግሩን መሬት ለማስነካት ወገቡን ወደ ግራ ማጣመም ነበረበት። ክንዶቹ ወደ መሪው ተወጥረዋል፤ የፍሬኑን እጀታ የሚነካው በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ነው። አባቱ "አይዞህ፣ ታድግበታለህ" አሉት። ልጁም ሳይክሉ እንዳይቀርበት ፈርቶ "ይሆነኛል አባባ" አለ። የትኛውም ልጅ በዚያች ሰዓት የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ስለዚህ "ይሆንሃል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ባጃጅ ድንገት ፊቱ ሲቆም ያ ልጅ እግሩን መሬት ማድረስ አይችልም፣ ፍሬኑንም በሙሉ ኃይሉ መጨበጥ አይችልም። እስኪያድግበት የሚጠበቁት ሁለት ዓመታት የሚወድቅባቸው ዓመታት ናቸው።

ከቤት ሳትወጡ ለኩት። ልጁ ጫማውን አድርጎ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ቀጥ ብሎ ይቁም። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር በእግሮቹ መካከል አስገብቶ ከላይ እስኪያቆመው ድረስ ከፍ ያድርገው። ከደብተሩ የላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ ያለውን በሜትር ለኩና ጻፉት። ሱቅ ስትደርሱ ከኮርቻው እስከ መሪው የሚዘረጋውን የላይኛውን ብረት ከመሬት ለኩ። ከልጁ ልኬት ቢያንስ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ ልጁ ኮርቻው ላይ ይቀመጥ፤ ፔዳሉ መጨረሻ ታች ሲደርስ ጉልበቱ በጥቂቱ ብቻ መታጠፍ አለበት። ጉልበቱ ወደ ደረቱ ከመጣ ሳይክሉ ትንሽ ነው፤ ፔዳሉን ለመድረስ ዳሌው ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ ትልቅ ነው።

የወላጅ ስጋት ግን ከንቱ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር ሊመዘዝ ይችላል። መፍትሔው ዛሬ ልኩ የሆነ፣ ነገ ኮርቻው ከፍ የሚልበት ቦታ ያለው ሳይክል መፈለግ ነው። የኮርቻው ዘንግ ላይ "ከዚህ በላይ አይውጣ" የሚል ምልክት ተቀርጾበታል። ኮርቻው ዛሬ ለልጁ ተስተካክሎ ሳለ ያ ምልክት ገና 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ተቀብሮ ከሆነ ሳይክሉ አብሮት ያድጋል። ልጅ ሲያድግ የሚጨምረው ቁመት ሁሉ ወደ እግሩ አይሄድምና ይህ ቦታ ሁለት ዓመት ያስኬዳል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። "ባለ 26 ስጠኝ" ስንል የምንናገረው የጎማውን ኢንች እንጂ የቴላዮውን፣ ማለትም ጎማዎቹን፣ ኮርቻውንና መሪውን የሚሸከመውን ዋና አካል ልክ አይደለም። ሁለቱም ባለ 26 ሆነው የአንዱ ቴላዮ 14 ኢንች፣ የሌላው 18 ኢንች ሊሆን ይችላል። በግርድፉ ከ150 እስከ 160 ሴንቲ ሜትር ለሚረዝም ልጅ ከ14 እስከ 15 ኢንች ቴላዮ፣ ከ160 እስከ 170 ለሆነ ደግሞ ከ16 እስከ 17 ኢንች ይስማማዋል። ፋብሪካዎች ስለሚለያዩ ግን ቁጥሩ መነሻ ብቻ ነው። ልጁን በድንገተኛ ስጦታ ማስደሰት የሚፈልጉ ወላጆች ይገቡኛል፤ ቢሆንም ልጁ ሳይቀመጥበት የተገዛ ሳይክል በግምት የተገዛ ነው።

የጎረቤት ልጅ የገዛውን መግዛት

ወሎ አንድ ዓይነት መሬት የለውም። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከፒያሳ ወደ የትም ቢታጠፉ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ ያለችው ኮምቦልቻ ግን ሰፋ ያለ ሜዳ አላት። ቆቦና ከሚሴ ደግሞ ቆላ ናቸው፤ መንገዱ ይዘረጋል፣ ፀሐዩ ይበረታል፣ የግራር እሾህም አለ። ለቆቦ ልጅ የሚመቸው ደሴ ውስጥ ለሆጤ ወይም ለሮቢት ሰፈር ልጅ ላይመች ይችላል።

ደሴ ለሚኖር ልጅ ማርሽ የግድ ነው። ሻጩ "ባለ 21 ማርሽ ነው" ሲል ፊት 3፣ ኋላ 7 ክብ ጥርስ አለው ማለቱ ነው። ለዳገት የሚጠቅመው የማርሹ ብዛት ሳይሆን የመጨረሻው ቀላል ማርሽ ምን ያህል ይቀላል የሚለው ነው። ጎንበስ ብላችሁ ጥርሶቹን ቁጠሩ። የፊተኛው ትንሹ 24፣ የኋላው ትልቁ 28 ጥርስ ከሆነ ባለ 26 ጎማ ሳይክል በአንድ ሙሉ የፔዳል ዙር 1.8 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ፊት 44፣ ኋላ 14 ላይ ሲሆን ግን በአንድ ዙር 6.5 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሁለተኛው በሜዳ ያስደስታል፤ ደብተር ተሸክሞ ዳገት ለሚወጣ ልጅ የሚያስፈልገው ግን የመጀመሪያው ነው። ማርሽ የሌለው ሳይክል ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ዙር 5 ሜትር አካባቢ ስለሚሄድ በደሴ ልጁ ከሚነዳው የሚገፋው ይበልጣል።

ለሜዳው አገር ሰው ግን ማርሽ አልባውን አልንቅበትም። የሚላላ ሽቦ የለውም፣ የሚበላሸውም ጥቂት ነው። ሜዳ ላይ ትምህርት ቤት ተመላልሶ ለመዋል ጠንካራ ማርሽ አልባ ሳይክል ከደካማ ባለ 21 ይሻላል። እዚያ ገንዘቡን ወፈር ላለ ጎማ አውሉት። ቀጭን ጎማ ያለውን ኮርስ ሳይክል ግን የትም ቢሆን ለጀማሪ ልጅ አልመክርም፤ ኮብልስቶን ላይ እጅን ያደነዝዛል፣ ጎማውም በክፍተቱ ይያዛል።

በአሞርዛተርና በቀለም መማረክ

ከኮርቻው ሥር ወፍራም ሞላ ያለው፣ ሞተር ሳይክል የሚመስለው ሳይክል የልጅን ዓይን ይስባል። በርካሽ ዋጋ የተሠራ የኋላ አሞርዛተር ግን ሳይክሉን ያከብደዋል፣ ልጁ የሚረግጠውን ጉልበት ይበላበታል፣ ሲላላም መንቋቋት ይጀምራል። በተመሳሳይ ዋጋ ፊት ላይ ብቻ ያለው፣ ወይም ጭራሽ የሌለው ይሻላል። ልጁ ሳይክሉን በገዛ እጁ አንሥቶ ጥቂት ደረጃ ይውጣበት። ከ13 እስከ 14 ኪሎ ደህና ነው፤ 17 እና 18 ኪሎ ሲሆን በየዕለቱ ይሰለቸዋል።

ፍሬኑን ሳይፈትሹ መክፈል

ደሴና ኮምቦልቻ ለሚኖር ሰው ይህ ክፍል ከዋጋውም ይቀድማል። ከደሴ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይጥላል፤ ጠመዝማዛ ነው፣ ከባድ መኪናም ይበዛበታል። የልጅ መጫወቻ አይደለም፤ ልጄ ቢሆን አልፈቅድለትም። ግን በደሴ የሰፈር ቁልቁለትም ፍሬን ያልያዘ ሳይክል ያው ነው።

ሱቁ ውስጥ ሳይክሉን ወደ ፊት እየገፋችሁ የፊቱን ፍሬን ጨብጡ፤ ጎማው ወዲያው ቀጥ ማለትና የኋላው መነሣት አለበት። የኋላውን ስትይዙ ጎማው ሳይዞር ይንሸራተት። እጀታው እስከ መሪው ድረስ ከተጠጋ ሽቦው ላልቷል ወይም ፍሬኑ ደካማ ነው። ቀጥሎ የልጁን እጅ ተመልከቱ፦ መሪውን ሳይለቅ በሁለት ጣቶቹ እጀታውን መሳብ ይችላል? ብዙ እጀታዎች ላይ ወደ ጣት የምታቀርብ ትንሽ ብሎን አለች፤ ሻጩ እንዲያስተካክላት ጠይቁ።

ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ማግኔቱ ከቸርኬው ጋር ከተጣበቀ ቸርኬው ብረት ነው፤ የሚያብረቀርቅ ብረት ቸርኬ በሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ሲርስ ፍሬኑ በጣም ይዳከማል። የማይጣበቀው አሉሚኒየም ስለሆነ በእርጥብም የተሻለ ይይዛል። ዲስክ ፍሬን ጥሩ ነው፤ ግን በዘይት የሚሠራውን ከመግዛታችሁ በፊት ሰፈራችሁ ውስጥ አየሩን አውጥቶ ዘይት የሚሞላ ባለሙያ መኖሩን አረጋግጡ። በሽቦ የሚሳበውን ዲስክ ማንኛውም የሳይክል ጠጋኝ ያስተካክለዋል። ለልጁም ንገሩት፦ ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም ፍሬን ይጠቀም፣ የፊቱን ብቻውን በድንገት አይጨብጥ፣ ያለማቋረጥ ይዞም አይውረድ፤ ይሞቃልና።

ጎሚስታውን ሳያማክሩ መግዛት

ከሻጩ በፊት መጠየቅ ያለበት ሰው ሰፈራችሁ ያለው ጎሚስታ ወይም ሳይክል ጠጋኝ ነው። ልጃችሁ በየጊዜው የሚሄደው ወደ እርሱ ነው። የየትኛው ልክ ጎማና የውስጥ ጎማ እንደልብ እንደሚገኝ ያውቃል። አንድ ነገር ግን ራሳችሁ እዩ፦ ንፋስ የሚሞላበትን ቫልቭ። እንደ መኪናና እንደ ባጃጅ ያለ ወፍራም ቫልቭ ከሆነ የትኛውም ጎሚስታ ይሞላዋል። ቀጭንና ረጅም፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የምትዞር ፍሬ ያለችው ከሆነ ግን የጎሚስታው ማሽን ስለማይገጥመው መጋጠሚያ ያስፈልገዋል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን የንፋስ መጠንም ልጁ እንዲያነበው አስተምሩት፤ የመኪና መሙያ የሳይክልን ጎማ በቅጽበት ሊያፈነዳው ይችላል።

ከካርቶን የወጣውን ወዲያው መንዳት

አዲስ ሳይክል በካርቶን ተበታትኖ ነው የሚመጣው፤ ደኅንነቱ እንደ ገጣጠመው እጅ ነው። ከሁሉ በፊት የፊት ጎማውን የሚይዙትን ሁለት ክንዶች ተመልከቱ። አንዳንዴ ወደ ኋላ ዞረው ይታሰራሉ፤ ሳይክሉ ይሄዳል፣ አነዳዱ ግን ይበላሻል፣ የልጁ ጫማም ከጎማው ጋር ይጋጫል። ፔዳሎቹም ግራና ቀኝ አላቸው፤ የግራው የሚጠብቀው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ያንን የማያውቅ ሰው በጉልበት ካስገባው ጥርሱን ይበላውና ፔዳሉ በመንገድ ይወልቃል። የፊቱን ጎማ በጉልበታችሁ መካከል አጥብቃችሁ ይዛችሁ መሪውን ለማዞር ሞክሩ፤ ከዞረ አልጠበቀም። ሁሉም ደህና ቢሆን እንኳ አዲስ ሽቦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይላላል፤ ብሎኖቹም ይፈታሉ። ስትገዙ "በወሩ መልሰን ስናመጣው በነፃ ታስሩልናላችሁ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። እሺ የሚል ሱቅ ትንሽ ቢያስወድድም ይሻላል።

ሴት ልጅን መርሳት

ወንድሟ ሲሰለቸው የሚደርሳት አሮጌ ሳይክል ሁልጊዜ የእሷ ዕጣ መሆን የለበትም። ትምህርት ቤቱ ለእሷም እኩል ይርቃታል፤ ቤት የሚጠብቃት ሥራ ሲታሰብ እንዲያውም ከወንዱ ይልቅ ጊዜ የሚቆጥብላት ሳይክል ያስፈልጋታል። ረጅም ቀሚስ የምትለብስ ከሆነ የላይኛው ብረቱ ዝቅ ብሎ የታጠፈ ቴላዮ ምረጡላት፤ እግሯን ወደ ኋላ ሳትወረውር ትወጣለች። ሰንሰለቱ ሙሉ መሸፈኛ ይኑረው፤ ኋላ ጎማው ላይም ቀሚስና የሂጃብ ጫፍ እንዳይጠመጠም መከላከያ ይደረግበት። ከፊት ቅርጫት ከተገጠመለት ቦርሳውን ከጀርባዋ ያወርድላታል። ልኩን ግን እንደ ወንድሟ ለኩላት፤ ሮዝ ቀለም የተቀባ ሁሉ ልኳ አይደለም።

ገንዘቡን በሙሉ ሳይክሉ ላይ መጨረስ

8,000 ብር ይዛችሁ ከሆነ 8,000 ብር የሚያወጣ ሳይክል አትፈልጉ። ሄልሜት፣ ቁልፍ፣ መንፊያ፣ ከኋላ ቀይ አንጸባራቂና የምሽት መብራት ከዚያው መውጣት አለባቸው። ገንዘቡ ካልበቃ ከሳይክሉ ቀንሱ እንጂ ከሄልሜቱ አትቀንሱ። ሄልሜቱ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ላይ ይረፍ፤ ወደ ማጅራት የተንሸራተተ ግንባርን አይጠብቅም። ከአገጭ ሥር ያለው ማሰሪያ ከአንድ ወይም ሁለት ጣት በላይ አያስገባ። አንድ ጊዜ ከባድ ነገር የመታው ሄልሜት ውጭው ባይሰነጠቅም የውስጡ አረፋ ስለሚጨፈለቅ ይቀየራል። ልጁ እንዲያደርገው ከፈለጋችሁ ቀለሙን እሱ ይምረጥ፤ በሳይክሉ ቀለም ተከራክራችሁ ከሆነ በዚህኛው ተዉለት።