ናሮው ጌጅ (የጠባብ ሀዲድ) ሞዴል ባቡር ላይ ፉርጎና ዲቴል ስትጨምሩ የሚሰሩ ስህተቶች

ሀዲዱ ተነጥፎ ሎኮሞቲቩ መዞር ሲጀምር እጅ ይበላል፣ ፉርጎ ልጨምር፣ ጣቢያ ልስራ፣ ሰው ልደርድር ይባላል፣ ከዛ በሁለት ሳምንቱ ባቡሩ ኩርባ በደረሰ ቁጥር እየወደቀ ሰውየው ሀዲዱን ሲረግም ይገኛል። ሀዲዱ ብዙ ጊዜ ምንም ጥፋት የለበትም። ከታች ያሉትን አብዛኞቹን እኔው ራሴ ሰርቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ጎማው ሀዲዱ ላይ ገጠመ ተብሎ ፉርጎ መግዛት ነው። ስኬልና ጌጅ አንድ አይደሉም። ስኬል ሞዴሉ ከእውነተኛው ምን ያህል እንዳነሰ ነው፣ ጌጅ ደሞ በሁለቱ ሀዲዶች መሀል ያለው ስፋት። 9 ሚሊሜትር ሀዲድ ላይ የኤን ስኬል፣ ማለትም የ1:160 (ከእውነተኛው 160 ጊዜ ያነሰ) መደበኛ ባቡርም ይሄዳል፣ የ1:87 ጠባብ ባቡርም ይሄዳል። 9ኙን በ87 ብታባዙት 78 ሳንቲሜትር ገደማ ነው የሚመጣው፣ ይሄ ደሞ 76 ሳንቲሜትር ስፋት ላላቸው እውነተኛ ጠባብ ሀዲዶች በጣም ይቀርባል። እና የኤኑ ፉርጎ ያለምንም ችግር ይሄድላችኋል፣ ግን በ1:87 አንድ ሰው 2 ሳንቲሜትር ነው፣ የዛ ፉርጎ በር ደሞ ከአንድ ሳንቲሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ሰውየው ጎንበስ ብሎም አይገባም። ሻሲውን ብቻ ወስዶ ላዩን በራስ እጅ መስራት ግን ጥሩ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የጀመረው።

ሁለተኛው ክብደት ነው፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። የጠባብ ሀዲድ ፉርጎ አጭርና ቀላል ስለሆነ ትንሽ ነገር ያነሳዋል፣ ሁለት ከባድ ፉርጎዎች መሀል አንድ ቀላል ካስገባችሁ ደሞ ኩርባ ላይ ወደ ውስጥ ተጎትቶ ይወድቃል። የአሜሪካው የሞዴል ባቡር ማህበር ኤንኤምአርኤ ለ1:87 በ10.5 ሚሊሜትር ሀዲድ (ከ9ኙ ትንሽ ሰፋ ያለ ሌላ የጠባብ ሀዲድ ዓይነት ነው) የሚመክረው 21 ግራም መነሻ ሆኖ በየ2.54 ሳንቲሜትር ርዝመት 10 ግራም ተኩል ገደማ እንዲጨመር ነው። 8 ሳንቲሜትር ፉርጎ ወደ 55 ግራም ይመጣል ማለት ነው። ቁጥሩን እስከ ግራሟ መከተል የለባችሁም፣ ዋናው ሁሉም መመጣጠናቸው ነው፣ ክብደቱ ደሞ ወለሉ ጋ ይሁን፣ ጣሪያ ስር አታድርጉት። ከልክ ካለፈም ትንሿ ሎኮሞቲቭ ዳገት ላይ ቆማ ጎማዋን ታሽከረክራለች።

በምን ታከብዱታላችሁ ደሞ ሌላ ጉድ ነው። እኔ አንዷን የታንክ ፉርጎ በእርሳስ ፍሬ ሞልቼ (እርሳስ ስል ብረቱን ነው፣ የሚጻፍበትን አይደለም) ላዩ ላይ ነጭ የእንጨት ኮላ አፍስሼ ዘጋኋት። ከዓመት በላይ ምንም አልሆነችም፣ አንድ ቀን ከመደርደሪያ ሳወርዳት ሆዷ ተነፍቷል፣ መጋጠሚያው በጥፍር የሚገባ ያህል ተከፍቷል፣ ውስጧ ነጭ ዱቄት። ከኮላው የሚወጣው አሲድ ከእርሳሱ ጋር ሲገናኝ ቀስ እያለ ወደ ነጭ የእርሳስ ካርቦኔት ይቀይረዋል፣ እሱ ደሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል፣ ዝግ ቦታ ከሆነ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። አሁን የምጠቀመው ዳዶና ሮንዴላ ነው፣ በኤፖክሲ ተለጥፎ። እርሳስ የምትነኩ ከሆነ እጃችሁን ታጠቡ።

ሌላው ረጅሙ ፉርጎ ሳያልፍ ፕላትፎርምና ግድግዳ ማጣበቅ። ኩርባ ላይ የመንገደኛ ፉርጎ ወገቡ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ማዕዘኖቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፣ በዓይን አይታመንም። ካላችሁ ሁሉ ረጅሙን ውሰዱና ወገቡ ላይ በውስጥ በኩል፣ ማዕዘኑ ላይ በውጭ በኩል እርሳስ (አሁን የሚጻፍበት) በፕላስተር እሰሩ፣ ከሀዲዱ ግራና ቀኝ ወረቀት አንጥፉ፣ ከዛ በእጅ ቀስ ብላችሁ ግፉት። መስመሩን ራሱ ያሰምርላችኋል። ከመስመሩ 2 ወይ 3 ሚሊሜትር ራቅ አድርጋችሁ ስሩ፣ በቃ።

ፉርጎን ከፉርጎ የሚያገናኘው ማያያዣ ላይ ብዙ የሚባል የለም፣ አንድ ዓይነት ምረጡ፣ ከፍታው እኩል ይሁን። የድሮዎቹን መቀየር ካልፈለጋችሁ በአንድ ጫፉ የድሮው በሌላው አዲሱ ያለበት አንድ ፉርጎ ስሩና መሀል አስገቡት።

ቀለም ላይ ደሞ ሁሉንም ፉርጎ እኩል ዝገት መቀባት። የእንጨት ጎን አይዝግም እኮ! የሚዝገው ብሎኑና ማጠፊያው ነው፣ ከሱ ስር የምትወርድ ቀጭን ቡናማ መስመር ትበቃለች። ጠባብ ሀዲድ በአብዛኛው ድንጋይ ካባ፣ ሸንኮራ እርሻ፣ ጫካ ውስጥ ነው የሰራው፣ ስለዚህ አቧራው የሚጫነውን ነገር ይምሰል፣ የድንጋይ ፉርጎ ነጣ ብሎ ውስጡ የተጫረ፣ የከሰሉ የጠቆረ። ድፍን ጥቁር ባትጠቀሙ ጥሩ ነው፣ ጠቆር ያለ ግራጫ በዚህ መጠን የበለጠ እውነት ይመስላል።

መስኮት በሱፐር ግሉ መለጠፍ የመጨረሻው ነው። ትነቱ ፕላስቲኩ ላይ ነጭ ጉም ይሰራል፣ ቀለሙም ሁሉም ነገር አልቆ መስኮቱ እንደ ሻወር ቤት መስታወት ሲሆን በጣም ነው የሚያናድደው። መስኮቱን ከማት ቫርኒሹ (ቀለሙ ላይ ከሚቀባው የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ) በኋላ አስገቡ፣ ያ የታንክ ፉርጎዋን ያፈነዳብኝ ነጭ ኮላ ደሞ ቦታው እዚህ ነው፣ በስንጥር ጫፍ ትንሽ ነካ ነካ አድርጋችሁ ለጥፉበት፣ ሲደርቅ ጥርት ብሎ ይጠፋል።