አልቆመም፣ አታጥፉት! አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ አፕግሬድ ሲደረግ የማያቸው ስህተቶች

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ መጣልኝ። ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ላይ «ከርነል ፓኒክ» ብሎ ይቀራል፤ ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ መቀጠል አቅቶታል ማለት ነው። ባለቤቱ «ሊኑክስ አበላሸብኝ» ይላል። «አፕግሬዱ መሃል ላይ ምን አደረግክ?» ስለው «ቆሞብኝ ነበር፣ አጥፍቼ አበራሁት» አለኝ። ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ መቁጠር ትቻለሁ።

ከእሱው ልጀምር። አልቆመም! የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው አሮጌ ማሽን አፕግሬድ ላይ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ሰው የሚያስጨንቀው ደግሞ መጨረሻ አካባቢ ነው። አዲሱ ከርነል ከገባ በኋላ ኢኒትራምፍስ የሚባለው፣ ማሽኑ ሲነሳ ከከርነሉ ጋር የሚጫነው ፋይል ይሠራል። ስክሪኑ አንድ መስመር ይጽፍና ዝም ይላል። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ትዕግሥት ያለቀበት ጣት ማጥፊያው ላይ የሚያርፈው ያኔ ነው። ፋይሉ ሳይሠራ ይቀራል፣ ፓኬጆቹም (የፕሮግራሞቹ ጥቅሎች) ግማሾቹ አዲስ ግማሾቹ አሮጌ ይሆናሉ። እባካችሁ የዲስኩን መብራት እዩ፤ ብልጭ ድርግም ካለ እየሠራ ነው። መብራት ከሌለው ጆሯችሁን አስጠጉ፣ ዲስኩ ሲንኳኳ ይሰማችኋል። ካላመናችሁ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3 ተጭናችሁ ሌላ ተርሚናል (የትእዛዝ መጻፊያ ስክሪን) ግቡና እየሠራ ያለውን በሚያሳየው በ«ቶፕ» ተመልከቱ።

አጥፍታችሁት ከሆነም ሁሉን አፍርሶ እንደ አዲስ ለመጫን አትቸኩሉ። ሲነሳ ሺፍትን ይዛችሁ ማሽኑን የሚያስነሳውን የግረብን ሜኑ አምጡ፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ የድሮውን ከርነል ምረጡ። ከገባችሁ በኋላ ፓኬጅ የሚጭነውን ዲፒኬጂን በ«ኮንፊገር» ያቋረጠውን አስጨርሱት፣ የቀረውን ደግሞ ፓኬጆችን ከሰርቨር የሚያመጣው አፕት በ«ፊክስ ብሮክን» ይጠግነዋል። ያ ላፕቶፕ የዳነው በዚሁ ነው።

የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ 60 በመቶ አለኝ ቢላችሁ አትመኑት፤ ቻርጀሩን ሳትሰኩ አትጀምሩ።

ሰዓቱን አለማየት። በዚህ የተሞኘሁት እኔው ነኝ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ፣ ሲአር2032፣ ስታልቅ ማሽኑ ከኃይል በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። አፕትም ከሰርቨሩ ያመጣውን ዝርዝር «ጊዜው ገና ነው» ብሎ አይቀበልም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሚረር (የሰርቨሩን ቅጂ) ስቀያይር፣ የሶርስ ዝርዝሩን (አፕት የሚያወርድባቸውን አድራሻዎች) ስጽፍ ስሰርዝ ቆየሁ። ደክሞኝ ወደ ስክሪኑ ጥግ ቀና ስል 2009 ይላል።

ቨርዥን መዝለል። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ በሆነው ዴቢያን 11 ላይ ያለ ሰው መጀመሪያ ወደ 12፣ ከዚያ ወደ 13 ነው የሚሄደው። ኡቡንቱ 20.04ም በ22.04 በኩል ካልሆነ 24.04 አይደርስም። አቋራጭ ያገኘ የመሰለው ሁሉ እኔ ዘንድ መጥቷል።

ፕሮሰሰሩን ሳያውቁ መጀመር። በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለባለ 32 ቢት ፒሲ ኢንስቶለርም ከርነልም የለውም፤ እንዲህ ያለ ማሽን ካላችሁ 12 ላይ ቆዩ። 64 ቢት መሆን ብቻም ዋስትና አይደለም፦ ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ሬድ ሃት 9፣ ኮር 2 ዱዎ በሚባለው አሮጌ ፕሮሰሰር ላይ አይነሳም፣ ፕሮሰሰሩ የማያውቃቸውን ትእዛዞች ይፈልጋልና። ተርሚናል ላይ «ኤልኤስሲፒዩ» ብሎ መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ከርነሎቹ የሚቀመጡበት የ«ቡት» የዲስክ ክፍልፋይ መሙላት። ድሮ ሲጫን ለብቻው በጠባቡ ተከፍሎ ከሆነ ያረጁ ከርነሎች ሞልተውታል፣ አዲሱ የሚያርፍበት ያጣል። ፋይሎቹን በእጃችሁ አትሰርዙ! አፕት በ«አውቶሪሙቭ» ያጽዳው፤ እያሠራችሁት ያለውን ከርነል አይነካባችሁም።

ከሌላ ቦታ የጨመራችኋቸውን ሪፖዚቶሪዎች (የፓኬጅ ምንጮች) ቀድማችሁ አጥፉ።

ባክአፕ ያዙ ብዬ አልጽፍም፣ ታውቁታላችሁ። የዲስኩን ጤና ግን በ«ስማርትሲቲኤል» እዩት። ሊነበቡ አቅቷቸው በጥርጣሬ የተያዙ ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች) ቁጥር ከዜሮ ከበለጠ አፕግሬዱን ተዉትና ዲስክ ቀይሩ። ኤስኤስዲ ከሆነ ደግሞ ከአዲሱ ሲስተም ይልቅ እሱ ነው ማሽኑን የሚያፈጥነው።

በመጨረሻ፣ 2 ጊጋባይት ራም ላይ ከባዱን ዴስክቶፕ፣ ጂኖምን፣ መጫን። ይነሳል፣ አዎ፤ ብሮውዘር ስትከፍቱ ግን ራም ያልቻለውን ዲስኩ ላይ (ስዋፕ) ሲያመላልስ ይውላል። ቀለል ያሉት ዴስክቶፖች ኤክስኤፍሲኢ ወይም ኤልኤክስኪውቲ ይበቃችኋል። ለዚያ ላፕቶፕም ኤክስኤፍሲኢ ነው ያደረግኩለት። ባለቤቱ ከፍቶ አየው፣ ትንሽ ዝም አለና «ይሄ ያን ያህል ቆንጆ አይደለም፣ አይደል?» አለኝ። ብሮውዘሩን ከፈትኩለት። ሌላ አልጠየቀኝም።