ግድቡ ቢደረመስ ውሃው መቼ ይደርሳል? በጎርፍ ሞዴል ሥራ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከግድብ በታች የሚኖር ሰው ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ግድቡ ቢደረመስ ለመውጣት ስንት ደቂቃ አለኝ? የጎርፍ ሞዴል፣ ማለትም ውሃው የት፣ መቼና ምን ያህል እንደሚደርስ በኮምፒውተር የሚሰላበት ሥራ፣ ይህን ካልመለሰ ለአደጋ ጊዜ ዕቅድ ብዙም አይረባም። ዛሬ እንደ ሄክ-ራስ (HEC-RAS) ያለውን የውሃ ፍሰት ማስያ ሶፍትዌር ማንም በነፃ አውርዶ መሥራት ይችላል። የሚያሰጋው ግን የተሳሳተ ግምት ቢሰጡትም ያማረ ካርታ ማውጣቱ ነው። (ከታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ስህተት ግድብ የሚፈርሰው በኃይለኛ ዝናብ ብቻ ነው ብሎ መነሳት ነው። አሜሪካ አይዳሆ ውስጥ የነበረው የቴተን ግድብ በ1976 የተደረመሰው ገና ለመጀመሪያ ጊዜ እየሞላ ሳለ ነው። ውሃው አፈሩን ውስጥ ለውስጥ ሸረሸረው። ጠዋት ፍሳሽ ታየ፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ግድቡ ሄደ። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሁኔታ ይሠራ፦ አንዱ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ ሌላው ዝናብ በሌለበት በጠራራ ፀሐይ። በጠራራ ፀሐይ የሚመጣው ውሃ ቢያንስም፣ ማንም ስላልጠበቀው የበለጠ ሰው ሊገድል ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያከራክረው ግድቡ ሲፈርስ የሚፈጠረው ክፍተት ምን ያህል ሰፍቶ፣ በስንት ጊዜ ይከፈታል የሚለው ነው። በአፈር ግድብ ላይ ክፍተቱ እየተሸረሸረ ነው የሚሰፋው። ቅስት የኮንክሪት ግድብ ግን በአንድ አፍታ ሊሄድ ይችላል፤ ፈረንሳይ ውስጥ በ1959 በሌሊት የተደረመሰው ማልፓሴ እንዲያ ነው የሆነው፣ ከ400 በላይ ሰው ሞቷል። ለአፈር ግድብ የምንጠቀምባቸው ቀመሮች ቀደም ሲል ከፈረሱ ግድቦች የተወሰዱ ናቸው፤ የስህተት ክልላቸውም ሰፊ ነው። አንድ ቁጥር ይዞ መሮጥ አይገባም። ፈጣን፣ መካከለኛና ዘገምተኛ አድርጋችሁ ሦስቴ አስሉት። ለግድቡ ቅርብ በሆነው መንደር ልዩነቱ ትልቅ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ራቅ ሲል ግን ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ እዚያ ወሳኞቹ የተጠራቀመው ውሃ መጠንና የሸለቆው ቅርጽ ናቸው። ለቅርቡ መንደር ሁልጊዜ ፈጣኑን ግምት ያዙ። እኔ በዚህ አልደራደርም።

ወንዙ ላይ ሌላ ግድብ ካለ እሱንም ሞዴሉ ውስጥ አስገቡት። በ2023 ሊቢያ ደርና ላይ ሁለት ግድቦች በአንድ ሌሊት ነው የፈረሱት። የላይኛው ውሃ ታችኛው ላይ ወረደ፣ ከዚያ ሁለቱም ከተማው ላይ።

የመሬት ከፍታ መረጃውም ያታልላል። በነፃ የሚገኘው የሳተላይት መረጃ አብዛኛውን ጊዜ 30 ሜትር በ30 ሜትር በሆኑ አራት ማዕዘኖች የተከፋፈለ ነው። የዛፍ አናትና የቤት ጣሪያ እንደ መሬት ሊቆጠር ይችላል። ጠባቡ ወንዝ ይጠፋል። ድልድይ ደግሞ እንደ ግንብ ሆኖ ውሃውን ያግዳል፤ ስለዚህ ከስሌቱ በፊት አንድ በአንድ እያያችሁ አስተካክሉ። በሌላ በኩል ድልድይ እውነትም የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በ1889 አሜሪካ ፔንስልቬንያ ውስጥ ግድብ ፈርሶ የጆንስታውንን ከተማ ባጥለቀለቀ ጊዜ የቤት ፍርስራሽና ግንድ የድንጋይ ድልድዩ ላይ ተከምሮ፣ በላዩ ላይ እሳት ተነሣበት። ዋና ዋና ድልድዮችን ክፍትም ዝግም አድርጎ መሞከር ይበጃል።

የማዕድን ዝቃጭ ማጠራቀሚያን እንደ ንጹሕ ውሃ ማስላትም ስህተት ነው። ጭቃ የሚፈሰው በሌላ ባሕርይ ነው። በ2019 ብራዚል ብሩማዲንሆ ላይ የማዕድኑ ቢሮና የሠራተኞች መመገቢያ ከግድቡ ሥር ነበሩ፤ 270 ሰው አለቀ።

ትንሽ ግድብም አይናቅ። በ1977 በአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ውስጥ የተደረመሰው ኬሊ ባርንስ ትንሽ ነበር፤ ግን 39 ሰው ገደለ።

አሁን ወደ ካርታው። ብዙ ጊዜ የሚታተመው ከፍተኛው ጥልቀት ብቻ ነው። ለነፍስ አድን ሠራተኛ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ውሃ የሚደርስበት ሰዓት፣ ፍጥነቱ፣ እንዲሁም የትኛው መንገድ ቀድሞ እንደሚቆረጥ ነው። ጉልበት የማይደርስ ውሃ እንኳ ከፈጠነ ሰው ይጥላል። ስለዚህ ጥልቀትና ፍጥነት ተባዝተው ይታዩ።

ሰዓቱም ከግድቡ መፍረስ ብቻ አይቆጠር። መጀመሪያ አንድ ሰው ማየት አለበት። ከዚያ አለቃው ይወስናል፣ መልእክት ይተላለፋል፣ የተኛው ይነቃል፣ ልጆቹን ይይዛል። ውሃው በ40 ደቂቃ ይደርሳል እንበል። ይህ ሁሉ 30 ደቂቃ ከፈጀ ለመውጣት የቀረው 10 ደቂቃ ነው። ዕቅዱ ላይ የሚጻፈውም ይኸው 10 ደቂቃ ነው። በእግር የማይበቃ ከሆነ ደግሞ የሚስተካከለው የማስጠንቀቂያው ሥርዓት ነው፤ የትኛው ምልክት ሲታይ፣ ግድቡ ሳይፈርስ በፊት፣ ሰው ይውጣ እንደሚባል አስቀድሞ ይወሰን።

የጎርፉን ጠርዝ በቀጭን መስመር አትጨርሱት። ከመስመሩ አንድ እርምጃ የወጣው ቤተሰብ ደህና ነኝ ብሎ ይቀመጣል። ድንበሩን ሰው በሚያውቀው መንገድ ወይም ኮረብታ ላይ አድርጉት፤ ካርታውም መብራት በሌለበት ሌሊት በእጅ ባትሪ እንዲነበብ ሆኖ በወረቀት ይታተም።