ጉበት ታሞ ብርድ አልለቅ ሲል እንዴት መሞቅ ይቻላል?

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ጤነኛውንም ያንቀጠቅጣል። አባቴን ግን በመጋቢት ፀሐይም ይበርደው ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ግቢያችን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ይቀመጣል። ቡና ስሰጠው ስኒውን በሁለት እጁ አቅፎ ይቆያል። ቡናው ሲቀዘቅዝ ነው የሚጠጣው። ጣቶቹን ስነካቸው በረዶ ናቸው። አንዱ ጎረቤት «ምች ነው» ይላል። ሌላው «ብርድ ገብቶበት ነው፣ ትንሽ አረቄ ይቅመስ» ይላል። ሲሮሲስ እንዳለበት፣ ማለትም ጉበቱ ጠባሳ አውጥቶ እንደጠነከረ ከተነገረን ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ብርዱን ከጉበቱ ጋር ያገናኘ ግን አልነበረም። እኔም ጭምር።

ከዚህ በታች የጻፍኩት እሱን ሳስታምም ከሐኪሞች የሰማሁትንና ቤት ውስጥ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ ቴርሞሜትር ግዙ

ሁለት ዓይነት ብርድ አለ። አንደኛው ቀኑን ሙሉ የሚቆይ፣ እጅና እግር የሚያቀዘቅዝ፣ ጋቢ ሲደረብ ቀለል የሚል ነው። ሁለተኛው ድንገት የሚመጣ፣ ጥርስ የሚያንገጫግጭ፣ ብዙ ጊዜ ትኩሳት የሚያስከትል ነው። ይኼ ሁለተኛው ቤት ውስጥ የሚታከም አይደለም። በተለይ ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሰው፣ የቋጠረው ውሃ ራሱ ኢንፌክሽን ሊይዝ ይችላል።

ቴርሞሜትሩ 38 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ወይም ከ36 በታች ከወረደ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። የጉበት ሕመምተኛ ትኩሳት ሳይኖረውም ኢንፌክሽን ሊኖርበት ስለሚችል ሌላውንም ምልክት እዩ። ሆዱን ካመመው፣ መቀባጠር ከጀመረ፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚነቃ ከሆነ፣ ደም ካስመለሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ባጃጅ ጥሩና ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ስልኩንና የመታወቂያውን ነገር መንገድ ላይ ትጨርሱታላችሁ።

የማታውን ምግብ አስተካክሉ

እኛን በጣም የጠቀመን ይኼ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ጤነኛ ጉበት ከበላነው ላይ ስኳር ያከማችና ሌሊት በጥቂት በጥቂቱ ይለቃል። የሰውነት የሌሊት ማገዶ ይኼ ነው። የታመመ ጉበት ግን ጎተራው ጠባብ ነው። ማገዶው ገና በእኩለ ሌሊት ያልቅበታል። ከዚያ ሰውነት የራሱን ጡንቻ ማቃጠል ይጀምራል። ሲሮሲስ ያለበት ሰው አንድ ሌሊት ሳይበላ ሲያድር፣ ጤነኛ ሰው ሁለት ሦስት ቀን እንደጾመ ያህል ይጎዳል። ጡንቻ ደግሞ ሙቀት የሚያመነጭልን ነው። ጡንቻው ሲሟሽሽ ሰውየው ጋቢ ላይ ጋቢ ቢደርብም ይበርደዋል።

ስለዚህ ከመኝታ በፊት፣ ማታ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ፣ ወደ 50 ግራም ካርቦሃይድሬት የሚሰጥ ኃይል ሰጪ ምግብ ያስፈልጋል። እኛ ቤት በሶ ነው። አምስት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ በሶ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ማር። ስኳር በሽታ ያለበት ማሩን ይተወው፣ መጠኑንም ሐኪሙን ይጠይቅ። አባቴ በመጀመሪያው ሳምንት «በዚህ ሰዓት ማን በሶ ይጠጣል?» እያለ አስቸገረኝ። ሳምንታት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ብገባ፣ ሌሊት ካልሲውን አውልቆ ከአልጋው ሥር ጥሎታል። ያን ካልሲ ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ጠዋትም እንደነቃ ወዲያው ይብላ። ቡናው እስኪፈላ አታስጠብቁት። ቡና ለጉበት ጠላት አይደለም፤ በጨው የምትጠጡ ከሆነ ግን ጨዉን ተዉት።

«ጉበት ያለበት ሰው ሥጋና እንቁላል አይብላ» የሚባለው ብዙ ሰው ጎድቷል። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ብቻ ነው ያለው። ምስሩ፣ ባቄላው፣ ሽሮው፣ ወተቱ ሁሉ ያስፈልጋል። ጥሬ ሥጋ ግን አይሆንም፤ ይብሰል። ሆድ ወይም እግር ላይ ውሃ ካለ ጨው ይቀነስ። የሽሮ ዱቄትና በርበሬ ብዙ ጊዜ ሲዘጋጁ ጨው እንደሚገባባቸው አትርሱ። እናቴ ለአባቴ ጨው የሌለው ሽሮ ለብቻ አስፈጨች።

ጾም ላይ የነፍስ አባትን አነጋግሩ። ለታመመ ሰው መብላት ይፈቀዳል። የረመዳንም ጾም ለታመመ ሰው ግዴታ አይደለም።

አለባበስ እና ከሰል

ከውስጥ ጥጥ፣ ከላይ ሱፍ። ጉበት ሲታመም ቆዳ ያሳክካል፤ ሱፍ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ማሳከኩን ያባብሰዋል። ራስና እግር ይሸፈን። የላስቲክ የሙቅ ውሃ መያዣ የምትጠቀሙ ከሆነ በነጠላ ጠቅልሉት፤ እግሩ የደነዘዘ ሰው ሲቃጠል ላያውቅ ይችላል።

ከሰል አያይዛችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። እባካችሁ። ጭሱ ባይታይም መርዙ ይገድላል።

አረቄ፣ ጠላ፣ ጠጅ አይቀመስም። አረቄ የቆዳ የደም ሥሮችን ስለሚከፍት ለጊዜው ያሞቀ ይመስላል። በተከፈተው በኩል ግን የሰውነት ሙቀት ይወጣል፤ ጉበቱም ይብሳል።

ሐኪሙን የምትጠይቁት

የደም ማነስ፣ ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) እና የደም ስኳር ይመርመር። ሦስቱም ብርድ ያመጣሉ፤ ሦስቱም መፍትሔ አላቸው። ፕሮፕራኖሎል የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው እጅና እግሩ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ለሐኪሙ ንገሩት፣ ግን መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ። ለሕመም ማስታገሻ ብላችሁ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትግዙ። ፓራሲታሞልም ቢሆን ሐኪሙ በፈቀደው መጠን ብቻ፤ ሲሮሲስ ላለበት ብዙውን ጊዜ በቀን ከ2 ግራም አያልፍም።

ጠበል የምትሄዱ ሂዱ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን ይዛችሁ ሂዱ። ጉበት የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ቫይረሱ ሊያገረሽ ይችላል። ሌሊት በቀዝቃዛ ውሃ ከመጠመቅ መጠጣቱን ወይም መረጨቱን የነፍስ አባታችሁ እንዲፈቅዱላችሁ ጠይቁ።

አባቴ ባለፈው ጥምቀት ከከተራ ጀምሮ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ማደር ፈልጎ ነበር። ተደራደርነው። ማታ በሶውን ጠጥቶ ቤቱ ተኛ። ጎህ ሲቀድ ሹራብ፣ ጋቢ፣ ሁለት ካልሲ ለብሶ፣ በኪሱ ቆሎ ይዞ አብረን ወረድን። ጠበሉ ሲረጭ እጁን ዘረጋ። ያዝኩት፤ ለብ ያለ ነበር።