ላውደን ካውንቲ ለምትመጡ፦ ከቤቱ በፊት አድራሻውን

ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን የሚያርፍበት የዳለስ ኤርፖርት ግቢ ከፊሉ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለው ላውደን ካውንቲ (ካውንቲ እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ግን ሻንጣውን ጭኖ ሀበሻ ወደሚበዛባቸው ወደ አሌክሳንድሪያ ወይም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በቀጥታ ይነዳል። እኔ እዚሁ ከቀሩት ነኝ። በካውንቲው ከተሞች፣ አሽበርን፣ ስተርሊንግ ወይም ሊስበርግ ዘመድ ኖሯችሁ ለምትመጡ፣ ያኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

ካውንቲው በ2000 እ.ኤ.አ. ወደ 170 ሺህ ሰው ነበረው። በ2020 ቆጠራ 420 ሺህ አልፏል። በቤተሰብ ገቢ ከመላው አሜሪካ ከፊተኞቹ ተርታ ከተቀመጠ ዓመታት ሆኖታል። ሰፈሩ ሲያዩት ያማልላል። ሣሩ የታጨደ ነው፣ ቤቱ አዲስ ነው፣ መንገዱ ጸጥ ያለ ነው። ከዚያ ቤት ጀርባ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ደሞዝና የብዙ ዓመት ክሬዲት (ብድርን በወቅቱ የመክፈል ታሪክ) አለ። ገና በመጣችሁ በዓመቱ ራሳችሁን ከጎረቤት ጋር አታስተያዩ። ወዳጆቼ በዚህ ምክንያት ያለ አቅማቸው መኪና ገዝተው ሲጨነቁ አይቻለሁ።

እኔ የጀመርኩት በቤዝመንት፣ ማለትም በሰው ቤት ምድር ቤት፣ ኪራይ ነው። ሱቁ በስልኬ ካርታ ላይ ቅርብ ነበር፣ የሃያ ደቂቃ መንገድ። በእግሬ ሄድኩ። የእግረኛ መንገዱ ቤቶቹ እስካሉ ድረስ ያምራል፤ ከዚያ ድንገት ሣር ውስጥ ገብቶ ያልቃል። ስመለስ በአንድ እጄ አንድ ጋሎን ወተት፣ በሌላው ሩዝ ይዤ፣ የፌስታሉ እጀታ ጣቴን እየቆረጠኝ በሰፊው አስፋልት ዳር ሄድኩ። አንዲት ሴትዮ መኪናዋን አቁማ «ደህና ነሽ?» አለችኝ። መኪናዬ የተበላሸብኝ መስሏታል። እዚህ በእግር የሚሄድ ሰው ችግር የደረሰበት ነው የሚመስላቸው።

ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ከቤቱ ደጃፍ ተነሡና በእግራችሁ ሂዱ። አውቶቡስ ማቆሚያው ስንት ደቂቃ ነው? ሱቁስ? የሜትሮ ባቡሩ ሲልቨር ላይን የሚባለው መስመር በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. እስከ አሽበርን ደርሷል። በዳለስ ኤርፖርት በኩል ስለሚያልፍ እዚያ ለሚሠራ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ዲሲ መሃል ለመግባት ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መኪና እስክትገዙ ድረስ እኔ የምመክረው ስተርሊንግን ነው። ሰፈሩ ቆየት ያለ ነው፣ አፓርታማ አለው፣ ከየአገሩ የመጣ ስደተኛ ይኖርበታል። ለኤርፖርቱም ቅርብ ነው።

መኪና ስትገዙ ዋጋውን ብቻ አታስቡ። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲው በመኪናችሁ ላይ በየዓመቱ ግብር ይጥላል። ላውደን ውስጥ ክፍያው በሁለት ጊዜ ነው፣ ሜይ 5 እና ኦክቶበር 5። ደብዳቤው ሲመጣ የማጭበርበሪያ መስሏቸው የጣሉት አሉ። አትጣሉት። ፍጥነትም እዚህ ቀልድ አይደለም። ከተፈቀደው በሰዓት 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮ መንዳት፣ ወይም የትም ቢሆን ከ85 ማይል ማለፍ፣ ተራ ቅጣት ሳይሆን ፍርድ ቤት የሚያስቀርብ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ልጆች ለማውረድና ለማሳፈር የቆመ ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስን ማለፍም እንዲሁ ነው። ወረቀቱ ገና ላላለቀለት ሰው ደግሞ መዘዙ የባሰ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ወደ ልጆቹ። አብዛኞቻችን እዚህ የመጣነው ለትምህርት ቤቱ ብለን ነው። ልጃችሁ የት እንደሚማር የሚወስነው አድራሻችሁ ነው። ሰፈሩ እያደገ ስለሆነ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ይከፈታሉ፣ ድንበሩም ይቀየራል። «እዚያ ነው የሚማሩት» የሚለውን የአከራይ ወሬ ብቻ አትመኑ፤ አድራሻውን ከትምህርት ቢሮው አረጋግጡ። ለምዝገባ የልደት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ የጤና ምርመራ ወረቀትና እዚያ እንደምትኖሩ የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ቤዝመንት የምትከራዩ ከሆነ እዚህ ላይ ነው ችግሩ። አንዳንድ አከራይ በቃል ብቻ ያከራይና ውል ጻፍልኝ ሲባል ይሸሻል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት «ለትምህርት ቤት የሚሆን ውል ትፈርሙልኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካመነታ ተዉት። የክትባት ካርዱን ደግሞ ከአገር ቤት ሳትነሡ በእንግሊዝኛ አስጽፋችሁ ያዙት።

የቤት ነገር ከተነሣ፣ አብዛኛው ሰፈር ኤችኦኤ የሚባል የነዋሪዎች ማኅበር አለው። ቆሻሻ መጣያው መቼ እንደሚወጣ፣ መኪና የት እንደሚቆም ይወስናል። አንድ ቅዳሜ ነጠላዬን አጥቤ በረንዳው መከለያ ላይ አሰጣሁት። የማኅበሩ የወቀሳ ደብዳቤ ለእኔ ሳይሆን ለአከራዬ ደረሰ፤ እሳቸውም ተቆጡኝ። ደንቡን መጀመሪያውኑ ጠይቆ ማንበብ ይሻላል። ቡና ስትቆሉ ጭሱ ማንቂያውን ያስጮኸዋል፣ ውጭ ቁሉት። ከሰል ግን ቤት ውስጥ፣ በተለይ ቤዝመንት ውስጥ፣ በጭራሽ አታቀጣጥሉ። ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ሥራ አይጠፋም። ኤርፖርቱ፣ ሆስፒታሉ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ሰው ይፈልጋሉ። አሽበርን አካባቢ የምታዩዋቸው መስኮት የሌላቸው ትልልቅ ሕንፃዎች ዳታ ሴንተሮች፣ የኢንተርኔቱ ኮምፒውተሮች የሚቀመጡባቸው ቤቶች፣ ናቸው፤ በዓለም ላይ እንዲህ ተሰብስበው የሚገኙበት ቦታ ጥቂት ነው። ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) በስተርሊንግ ካምፓሱ ለዚህ ሥራ ቴክኒሻን ያሠለጥናል። ኤሌክትሪክ ወይም ኮምፒውተር የነካካ ሰው ካላችሁ ቀጥታ ወደዚያ ላኩት።

ከሁሉ የከበደኝ ዝምታው ነው። ሰው ከጋራዡ ወጥቶ ጋራዡ ይገባል። እንጀራና ወሬ ፍለጋ እስከ አሌክሳንድሪያና ስካይላይን ይነዳል። ሙስሊም ወገኖቻችን ስተርሊንግ ትልቁ የአዳምስ መስጊድ አላቸው። ሳይደወል በር አይንኳኳም፣ ልጅም በቀጠሮ ነው የሚጫወተው። እኔን ያወጣኝ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ማቆሚያው ነው። ጠዋት ጠዋት እዚያ ወላጆች ይቆማሉ። አብዛኞቹ ሕንዶች ናቸው፤ እነሱም እንደኛ ከሩቅ የመጡ ናቸው። አንዷን ሁለት ወር ሙሉ በአንገቴ ብቻ ሰላም አልኳት። ከዚያ አንድ ቀን በረዶ ጥሎ አውቶቡሱ ሲዘገይ የልጄ እጅ ባዶ መሆኑን አይታ የልጇን ጓንት አውልቃ አጠለቀችለት። አሁን እኔ ገና ሳይነጋ ሥራ ስለምገባ ጠዋት ልጄን እሷ ታሳፍርልኛለች፤ ከሰዓት ሁለቱንም እኔ እቀበላለሁ።