የት ቁጭ ብላችሁ ነው የጠየቃችሁት?

ሕንድ ሄደው ስለ ካስት (በትውልድ ስለሚወሰነው የማኅበረሰብ ደረጃ) የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ የኛ ልጆች ረቂቃቸውን ይልኩልኛል። ደስ ይለኛል። ግን ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ ያችው ስህተት ብቅ ትላለች፣ ደሜም ይፈላል።

ቢሃር በተባለው የሕንድ ክልል አንድ መንደር ስትገቡ የሚቀበላችሁ ሙኪያው ነው፤ የተመረጠ የቀበሌ ሊቀመንበር በሉት። ወንበር ይወጣል፣ ሻይ ይፈላል፣ ሰው ይጠራል። እናንተም መጠይቃችሁን ዘርግታችሁ እዚያው ግቢ ትውላላችሁ። ማን መጣ? ማን ቀረ? ማን መሬት ላይ ተቀመጠ? ይህን የሚጽፍ የለም።

እኔም አድርጌዋለሁ። አንዲት አሮጊት ተጠርተው መጡ። ሙሳሃር ናቸው፤ ከደሊቶችም፣ «አይነኬ» ተብለው ከተገለሉት ካስቶች፣ መካከል እጅግ ከተገፉት ወገን። ወንበር ሳብኩላቸው። እሳቸው ግን መሬቱ ላይ ቁጢጥ አሉ። «እዚህ መገለል አለ?» አልኩ። «የለም፣ ሁላችንም አንድ ነን» አሉ፣ ዓይናቸው ሙኪያው ላይ። ባዶው ወንበር አጠገቤ ቆሞ እኔ ደብተሬ ላይ «የለም» ብዬ ጻፍኩ! ከሦስት ቀን በኋላ ከመንደሩ ዳር ወዳለው ሰፈራቸው፣ ቶላ ወደሚሉት፣ ሄድኩ። የውሃ ፓምፓቸው ለብቻ ነው። «ያኔ ምን እንድልህ ነበር?» ብለው ሳቁብኝ። አስተርጓሚዬም ከላይኛው ካስት የመጣ የከተማ ልጅ ነበር፤ እሱ የሚናገረው ሂንዲ፣ እሳቸው የአካባቢውን ቋንቋ ማጋሂ። ያ «የለም» የማን ቃል እንደነበር ዛሬም እጠራጠራለሁ።

እባካችሁ፣ ከዳር ጀምሩ። ሙኪያውን ሰላም በሉ፣ ሻዩን ጠጡ፣ ውጡ።

«እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ ላይ የዋለው የሕንድ ሕገ መንግሥት አይነኬነትን በአንቀጽ 17 ስለከለከለው መገለሉ ቀርቷል» የምትሉ ደግሞ ፓምፑን ሄዳችሁ እዩ።

መጠይቁ ላይ አራት ሳጥን አታስቀምጡ። ብራህሚን፣ ክሻትሪያ፣ ቫይሽያ፣ ሹድራ የጥንቱ የሂንዱ መጽሐፍ ክፍፍል ነው፤ ደሊቱ ከአራቱም ውጪ ስለሆነ ምልክት የሚያደርግበት ቦታ የለውም። ሰው የሚኖረው በጃቲው፣ ማለትም በተወለደበት ንዑስ ካስት፣ ነው፣ ጃቲ ደግሞ በሺዎች ይቆጠራል። በስምም አትገምቱ። ቢሃር ውስጥ «ኩማር» ያለው ብዙ ነው፤ አንዳንዱ የሚመርጠውም ካስቱን ስለማያሳብቅበት ነው።

አሮጌ ቁጥር ስትጠቅሱም ተጠንቀቁ። ለመላው ሕንድ ሁሉንም ካስት በዝርዝር ያሳተመው የመጨረሻው ቆጠራ የእንግሊዞቹ የ1931 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ2011 ቆጠራ የደሊቶቹ ድርሻ ለመላው ሕንድ 16.6 በመቶ ነበር። ቢሃር በ2023 ራሷ ስትቆጥር 19.65 በመቶ አገኘች። የአገሩን ቁጥር ለክልሉ የሚጠቀም ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም።

የሕንድን ጂኒ (የኑሮ ልዩነት መለኪያውን) ከብራዚል ጋር አጋጥማችሁ «ሕንድ የተሻለች ናት» አትበሉ። የሕንዱ አብዛኛውን ጊዜ ከፍጆታ፣ የብራዚሉ ከገቢ ነው የሚሰላው። ሀብታም ገቢውን ሁሉ አይበላም።

ቻት በሚባለው በዓል ሰሞን (ከጫት ጋር አይምታታባችሁ)፣ ጥቅምት አካባቢ፣ ስለ ስደት አትጠይቁ። ዴልሂና ፑንጃብ የከረመው ወንድ ሁሉ ቤቱ ነው።

ቤተሰብን እንደ አንድ ሰው አትቁጠሩ፤ በብዙ ቤት ምራቲቱ የምትበላው መጨረሻ ነው።

«ልክ እንደኛ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች» የምትለዋ ዓረፍተ ነገርስ? አልጠላትም፣ እኔንም መጀመሪያ ወደዚህ ጉዳይ የሳበችኝ እሷ ናት። ጥያቄ አድርጓት እንጂ ግኝት አታድርጓት።

ባለፈው ሳምንት አንዷ ረቂቋን ላከችልኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የመንደሩን ካርታ በእጇ ነድፋለች፤ እያንዳንዱ ፓምፕ ምልክት አለው። ገና አላነበብኩትም።