በሴፍ ክላስተር የመረጃ ቅጂ ሲጎድል፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ

ሴፍ መረጃን በብዙ ሰርቨሮች ዲስኮች ላይ በቅጂ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር ነው፤ አብረው የሚሠሩት ሰርቨሮች ክላስተር ይባላሉ። የክላስተሩ ሁኔታ ወደ ማስጠንቀቂያ ተለውጦ «ዲግሬድድ ዳታ ሪደንዳንሲ» የሚል መልእክት ይወጣል። መረጃቸው በክላስተሩ ላይ ያለ ቨርቹዋል ማሽኖች ግን ይሠራሉ፤ ቢበዛ ትንሽ ዝግ ይላሉ። መልእክቱ መረጃ ጠፋ ማለት አይደለም። በ3 ቅጂ እንዲቀመጥ የታዘዘው መረጃ ቅጂ ጎድሎበታል ማለት ነው። መረጃ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ በሚመጣው ጥድፊያ ነውና፣ ቅጂው እስኪሟላ ድረስ እባካችሁ ሌላ ሰርቨር አታጥፉ፤ ሌላ ዲስክም አትንቀሉ።

«ሚስፕሌስድ» የሚለው ብቻ ከታየ ቅጂው ሙሉ ነው፤ ወደ ትክክለኛ ቦታው እየተዘዋወረ ስለሆነ ተዉት።

ዲስክ ወድቆ ከሆነ

የኦኤስዲዎችን (እያንዳንዱን ዲስክ የሚያስተዳድሩ የሴፍ ፕሮግራሞች) ዝርዝር አውጥታችሁ «ዳውን» (የወደቀ) የሚለውን ፈልጉ። የዚያን ሰርቨር የከርነል መዝገብ ስትከፍቱ የማንበብና የመጻፍ ስህተት ተደርድሮ ካገኛችሁ ዲስኩ ይቀየር። መዝገቡ ንጹሕ ከሆነ ኦኤስዲውን እንደገና አስነሱት። ሴፍ በነባሪ ቅንብሩ የወደቀውን ለ600 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ካልተመለሰ ቅጂውን በሌሎች ዲስኮች ላይ መሥራት ይጀምራል።

ቁጥሩ አልቀንስ ካለ

ዋናው ጭንቀት እዚህ ነው። 3 ሰርቨር፣ 3 ቅጂ ያለው ክላስተር አንድ ሰርቨር ሲያጣ ስክሪኑ ላይ የጎደለው ቅጂ 33.333 በመቶ ነው የሚል ቁጥር ይወጣና እዚያው ይቆማል። በአንድ ሰርቨር ላይ ሁለት ቅጂ እንዳይቀመጥ ደንቡ ስለሚከለክል ሦስተኛው ቅጂ ማረፊያ የለውም። ሌሊቱን ሙሉ ብትጠብቁም ለውጥ አይመጣም። መድኃኒቱ የጠፋውን ሰርቨር መመለስ ወይም አዲስ ማስገባት ብቻ ነው። አንዳንዶች ማስጠንቀቂያውን ዝም ለማሰኘት የቅጂውን ቁጥር ይቀንሳሉ፤ ከዚያም ብሶ በ1 ቅጂ ላይ መጻፍ እንዲፈቀድ ያደርጋሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ያ አንድ ዲስክ ከወደቀ በመሃል የተጻፈው ሁሉ አብሮት ይሄዳል።

ሰርቨሩ ከበቂ በላይ ሆኖ ጥገናው ካልጀመረ «ኖአውት» የሚለው ምልክት ተረስቶ እንደሆነ እዩ። ለጥገና ሥራ ይደረግና ሳይነሳ ይቀራል፤ ምልክቱ እስካለ ድረስ ሴፍ የወደቀውን ኦኤስዲ ከአገልግሎት አያወጣም። አንሱት።

«ባክፊል ቱፉል» የሚል ካያችሁ ቦታ አልቋል። ዲስክ 85 በመቶ ሲሞላ ሴፍ ያስጠነቅቃል፣ በ90 አዲስ ቅጂ አይቀበልም፣ በ95 መጻፍ ይቆማል። ዲስክ ጨምሩ፤ ወይም በእርግጥ የማይፈለግ መረጃ ሰርዙ። የ95ቱን ገደብ ግን ከፍ አታድርጉ።

ኦኤስዲዎች እየወደቁ እየተነሱ ከሆነ

ዲስኩን ትታችሁ ኔትወርኩን ጠርጥሩ። ሰርቨሮቹ በ9000 ባይት ፓኬት እንዲሠሩ ተደርገው አንዱ የስዊች በር በ1500 ከቀረ ተራው ፒንግ (መስመር መፈተሻው ትእዛዝ) ያልፋል፤ ትልቁ ፓኬት ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ተራው ፒንግ ብዙ ሰው ያታልላል። ስለዚህ ፓኬቱ እንዳይከፋፈል ከልክላችሁ በ8972 ባይት ከእያንዳንዱ ሰርቨር ወደ እያንዳንዱ ፒንግ አድርጉ። ቀሪው 28 ባይት የራስጌው ነው። መልስ የነሳችሁ መስመር ላይ የበሩን ቅንብር አስተካክሉ፤ ከዚያም ሁሉም ፒጂዎች (ሴፍ መረጃውን የሚከፋፍልባቸው ክፍሎች) «አክቲቭ ክሊን»፣ ማለትም ሥራ ላይ ያሉና ቅጂያቸው የተሟላ፣ እስኪሉ ድረስ ሌላ ምንም አትንኩ።